መኪናዋ ቆማለች፣ ብድሩ ግን ይቆጥራል

ባለፈው ሰኔ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ከጎረቤቴ ጋር ቆሜ ነበር። መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና ጣቱን ነክሮ አወጣ። ጣቱ ላይ የቀረው ጥርት ያለ ውኃ አይደለም፤ ማኪያቶ የመሰለ ወፍራም ነገር ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ ሲያሳየንም ጫፉ ላይ ያው ቀለም አለ። «ቴስታው ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል። ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ዘይትና ውኃው ተቀላቅሏል። ይሄ የዛሬ ሳምንት የመጣ ነገር አይደለም ጋሼ» አለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ቴስታ የሚሉት የሞተሩን የላይ ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ነው።

ጎረቤቴ መኪናዋን ከተረከበ 19ኛ ቀኑ ነበር። በስምንተኛው ቀን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሞ ሳለ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነክቶ ነበር። ወዲያው ለሸጠለት ሰው ደወለ። «ቴርሞስታቱ ይሆናል፣ ውኃ ጨምርበት፣ እኔ የማውቀው ልጅ ጋ ውሰዳት» ተባለ። ወሰዳት፤ ልጁ ውኃ ሞላ፣ ብር ተቀበለ፣ «ንጹሕ ሞተር ነው» ብሎ ሸኘው። ከመኪናዋ ዋጋ 40 በመቶው የዕቁብና የብዙ ዓመት ቁጠባው ነው። የቀረው 60 በመቶ በ5 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ የባንክ ብድር ነው። የመጀመሪያው ወርኃዊ ክፍያ ሊደርስ 11 ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ባንኩ ቅርንጫፍ አብረን ሄድን። የብድር ሠራተኛዋ በትሕትና ሰማችን፣ ጎረቤቴ ሲጨርስም «ጋሼ፣ እኛ ያበደርነው ብር ነው፣ መኪና አልሸጥንም» አለችው። ከቅርንጫፉ ስንወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እኔ ደግሞ የከበደኝ ልጅቷ ትክክል መሆኗን ማወቄ ነው።

በሕጋችን እንዲህ ያለ ግዢ ሁለት ውል ነው። አንደኛው በገዢና በሻጭ መካከል የተደረገው የሽያጭ ውል፣ ሁለተኛው በገዢና በባንክ መካከል ያለው የብድር ውል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1952 (ዓመቱና ቁጥሩ የገጠሙት በአጋጣሚ ነው) ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው ይላል። ሻጭ የደበቀው ጉድለት ባንኩን አያስጠይቀውም፤ ባንኩ የለቀቀው ገንዘብም ሻጩን ተበዳሪ አያደርገውም። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ብትከርምም የወሩ ክፍያ ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል።

ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በተከራይቶ መግዛት ስምምነት የተያዘች መኪና ክፍያው ተጠናቆ እስኪዛወር ድረስ ባለቤቷ የፋይናንስ ድርጅቱ ነው፤ ስለዚህ ለጉድለቱም የሚጠየቀው እሱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች መብት ሕግም በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ጉድለት ያለበትን ዕቃ መልሶ ገንዘብ የመቀበል መብት ይሰጣል። የእኛ የባንክ ብድር የተሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ገዢው ነው፣ ባንኩ መያዣ ያዥ ብቻ ነው። ሊብሬው ባንክ ይቀመጣል፣ ፋይሉ ላይ ዕገዳ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንሱም ባንኩን ተጠቃሚ አድርጎ ይገባል። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ይሸጣል። የተበላሸች መኪና በሐራጅ ምን ያህል እንደምታወጣ መገመት አይከብድም፤ የሚጎድለውን ደግሞ ተበዳሪው ይሞላል። «መኪናዋ ካልሠራች አልከፍልም» ብሎ ክፍያ ማቆም ብዙዎች በንዴት የሚወስዱት እርምጃ ነው፤ ሻጩን አንዲት ሳንቲም ሳይነካ ገዢውን ሁለት ጊዜ ያከስራል።

በዚህ የከተማ ዳርቻ ሰው ይህን ሁሉ አደጋ ለምን ይሸከማል? ከኮዬ፣ ከጀሞ፣ ከአያት፣ ከፉሪ ሥራ ቦታው የሚደርስ ሰው መልሱን ከታክሲ ሰልፉ ያውቀዋል። ቤቱ ከከተማው መሃል ርቋል፣ ሥራውና የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን ያው መሃል ከተማ ናቸው። የመኪናው ገበያም በየዓመቱ እየጠበበ ሄዷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። በዚህ መካከል አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ያረጃሉ፣ ዋጋቸው ግን ከእርጅናቸው ጋር አይወርድም። በየእጁ አንድ ስቱኮ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ወደ ኋላ የተመለሰ ኪሎ ሜትር ይጨመርባቸዋል።

ባንኩ የማይጠየቅ ከሆነ የሚጠየቀው ሻጩ ነው። እዚህ ላይ የጎረቤቴ ነገር ሌላ ቋጠሮ አለው። መኪናዋን ያየው ፉሪ አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዋጋ የተከራከረው ከግቢው ባለቤት ጋር ነው፣ ቀብድ የሰጠው ለእሱ ነው፣ «ሞተሯ ያልተነካ» የሚለውን ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ የለጠፈውም እሱ ነው። ውሉ ላይ በሻጭነት የተጻፈው ግን ጎረቤቴ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። የግቢው ባለቤት የፈረመው የዚያ ሰው ተወካይ ሆኖ ነው። መኪናዋን ከስድስት ወር በፊት ከፍሎ ገዝቷታል፤ ስም ቢያዞር ወጪ ስላለው ውክልና ይዞ ተቀምጦ፣ ገዢ ሲያገኝ በውክልናው ሸጣት። ይህ በየሠፈሩ የሚሠራበት ነገር ነው። ውጤቱን ግን ጥቂት ገዢ ያስባል፦ ተወካይ በሥልጣኑ ልክ የፈረመው ውል የሚያስገድደው ወካዩን ነው። ትርፉን የወሰደው ሰው ወረቀቱ ላይ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ጓርኒሲዮኑ የሰማው ነገር የለም፣ ምናልባትም አገር ውስጥ አይኖርም።

እንዲህም ሆኖ የግቢው ባለቤት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በጥፋቱ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል የሚለው ከውል ውጭ ያለው ኃላፊነት፣ ቁጥር 2028፣ እሱንም ያገኘዋል፤ ግን የማስረዳቱ ሸክም ይከብዳል። የደላላ ነገር ደግሞ ከዚህም ይለያል። ገዢውን ያታለለው ሦስተኛ ሰው ከሆነ፣ ሻጩ ማታለሉን አውቆ ወይም ማወቅ ሲገባው ካልተጠቀመበት በቀር ውሉ በዚያ ምክንያት አይፈርስም። ደላላው የሚምለው መሐላ ሻጩን አያስረውም ማለት ነው። ስለዚህ «ያልተነካ ሞተር»፣ «አደጋ የሌለባት»፣ «ኪሎ ሜትሯ ትክክል» የሚሉት ቃላት ዋጋ የሚኖራቸው ውሉ ውስጥ፣ ከሻጩ ስም በታች ሲጻፉ ነው። ለመጻፍ እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

የሽያጭ ውሎቻችንን ያነበበ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል፦ «ሻጭ ንብረቱን ባለበት ሁኔታ የሸጡ ሲሆን ገዢም አይተው፣ ፈትሸውና ወደው ገዝተዋል»። ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የ1731ና የ2005 ቁጥሮች (ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፣ የተጻፈውም ይታመናል የሚሉት) ይከተላሉ፣ የምስክሮች ፊርማ ይሞላል። ብዙ ገዢ ይህን ዐረፍተ ነገር ካየ በኋላ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ተስፋ ሊቆረጥ አይገባም ባይ ነኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ለተለመደው አገልግሎቱ የማይበቃ ነገር ጉድለት አለበት። ገዢው የሚያውቀው ወይም በግልጽ የሚታይ ጉድለት አያስከስስም። የተጨረመተ መከላከያ ወይም የተላጠ ወንበር አይቶ የገዛ ሰው በኋላ ሊያማርር አይችልም። በሞተሩ ውስጥ የተበላ ጓርኒሲዮን ግን በዓይን አይታይም። ተዋዋዮች የዋስትናውን ግዴታ በውል መቀነስ ቢችሉም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ያ ቃል ዋጋ የለውም። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ያልታወቀ እርጅናን ይሸፍናል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀን ብልሽት አይሸፍንም።

ሕጉ ለገዢው ይህን ሲሰጥ ፍጥነት ይጠይቀዋል። ገዢው የተረከበውን ነገር ዕድል እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ደግሞ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካዘገየ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካልመሠረተም፣ የሻጩ ተንኮል ካልከለከለው በቀር፣ መብቱ ይቀራል። በማታለል ምክንያት ውሉ ይፍረስልኝ የሚል ሰው ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በአገራችን ልማድ ግን ገዢው መጀመሪያ ይደውላል፣ ከዚያ ይለማመጣል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል፤ ሻጩም «እሺ፣ ሳምንት ና» እያለ ወራት ያስቆጥረዋል። ስልክ ማስታወቂያ መሆኑን ማን ያስረዳል? በጽሑፍ የተላከ ደብዳቤ፣ ቢቻል በአደራ ፖስታ፣ ካልሆነም ቀንና ሰዓት የሚያሳይ መልእክት ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ጋራዡ ውስጥ የሆነው ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። መካኒኩ «ዛሬውኑ ላውርደውና ማክሰኞ ትወስዳታለህ» ሲል ጎረቤቴ ሊስማማ ነበር፤ የሚፈልገው ሥራው መድረስ ነው። እጁን ይዤ አስቆምኩት። ቴስታው ከወረደ ማስረጃውም አብሮ ይወርዳል። አዲስ ጓርኒሲዮን የገባበት ሞተር ሲረከበው ምን እንደነበረ ለዳኛ አይናገርም። ማሽኑ ሳይፈታ ፎቶና ቪዲዮ ተነሳ፣ የራዲያተሩ ውኃ በጠርሙስ ተቀዳ፣ ጋራዡ ያየውን ነገር ማኅተም ባለው ወረቀት ጻፈ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው ባለሙያ አይቶ እንዲያስረዳ ሊያዝ ይችላል፤ ባለሙያው የሚያየው ነገር መኖር አለበት።

ስለ ሸማቾች አዋጅ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከዚህ የተሻለ የውል ዋስትና ወይም ሌላ ሕግ ካለም ያንን አይነካበትም። በአቅርቦቱ የተሳተፉ ሁሉ በአንድነትም በተናጠልም ጉዳቱን የመካስ ኃላፊነት አለባቸው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ላገለገለ መኪና ግን ሦስት ቦታ ላይ ይጠባል። ሻጩ ነጋዴ መሆን አለበት፤ የገዛ መኪናውን የሚሸጥ መምህር ወይም ነርስ በዚህ አዋጅ አይጠየቅም። ገዢው ሸማች፣ ማለትም ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛ ሰው መሆን አለበት፤ በብድር ገዝቶ ሜትር ታክሲ ሊሠራ ያሰበ ወጣት ይህን ስም ለማግኘት ይከራከራል። የ15 ቀኑም ነገር አለ። ጎረቤቴ የደወለው በስምንተኛው ቀን ነው፤ «ውኃ ጨምርበት» በሚል ምክር ሁለተኛው ሳምንት አለፈ፣ እውነቱ የታወቀው በ19ኛው ነው። ውስጣዊ የሞተር ብልሽት በ15 ቀን ይገለጣል ብሎ መገመት ለቴሌቪዥንና ለልብስ ይሆን ይሆናል፣ ለመኪና አይሆንም። የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ግን በዚያ ቀን አልተዘጋም፤ 15 ቀን አልፎሃል ተብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ግማሽ መብቱን እዚያው ትቶ ነው የሚመለሰው።

አቤቱታው የት ይቀርባል የሚለው በዚህ ዳርቻ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሸማቾችን የሚጠብቀው የፌዴራል ባለሥልጣን በአዋጅ 1263/2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ ከተማውና ክልሉም የየራሳቸው የንግድ ቢሮ አላቸው። ገዢው አዲስ አበባ ይኖራል፣ ግቢው ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፣ ታርጋው «ኦሮ» ነው፣ ውሉ የተፈረመው አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቴ ሦስት ቢሮ ዞሯል። ለፍርድ ቤት ከሆነ መነሻው ተከሳሹ የሚኖርበት ወይም ውሉ የተደረገበት ቦታ ነው፤ ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ የታክሲ ብር ያተርፋል።

ሁለት የተሳሳቱ መጽናኛዎችም አሉ። አንዱ «ባንክ ያየው መኪና ነው» የሚለው ነው። ባንኩ የላከው ገማች የመጣው መኪናዋ ለብድሩ መያዣነት ምን ያህል እንደምታወጣ ለማወቅ ነው፤ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ያመሳክራል፣ ዙሪያዋን ያያል፣ ዋጋ ይጽፋል። የግምት ክፍያውን ገዢው ስለከፈለ ምርመራው ለእሱ የተደረገ ይመስለዋል። ሌላው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው። እሱ ግጭትን፣ እሳትን፣ ስርቆትን ይሸፍናል፤ በእርጅናና በሜካኒካል ብልሽት የቆመ ሞተር ከሽፋኑ ውጭ ነው። ዓመታዊው ቦሎም ቢሆን መኪናዋ በዚያ ቀን ፍተሻውን ማለፏን ያሳያል እንጂ ለቀጣዩ ወር ቃል አይገባም።

ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚጠቀሙ ወገኖች አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አላቸው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ራሱ ይገዛል፣ ከዚያ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው ይሸጣል። ያኔ ባንኩ አበዳሪ ብቻ ሳይሆን ሻጭ ነው፤ ለጉድለት ዋስ መሆንም የሻጭ ግዴታ ነው። ውሉ ውስጥ ባንኩ ራሱን ከዚህ ግዴታ የሚያወጣ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ከመፈረም በፊት ማንበብና መጠየቅ ያስፈልጋል።

በእኔ እምነት ብድርና ሽያጩን ፈጽሞ እንደማይተዋወቁ አድርጎ ማየት ፍትሐዊ አይደለም። ባንኩ ሻጩን ያውቀዋል፤ ገንዘቡን በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በሒሳቡ የሚያስገባለት እሱ ራሱ ነው፤ ስም ሳይዞር፣ ዕገዳው ሳይመዘገብ አይለቅም። ለራሱ መያዣ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ተቋም ከገንዘቡ ጥቂቱን ለአንድ ወር ማቆየት፣ ወይም ከገለልተኛ ጋራዥ የምርመራ ወረቀት ሳይቀርብ ብድር አለመልቀቅ አያቅተውም። ለባንኩም ይጠቅመዋል፤ የሞተ ሞተር ጥሩ መያዣ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ይህን በመመሪያ ቢያስገድድ ብዙ ቤተሰብ ከጉዳት ይድናል።

ያ እስኪሆን የገዢው ጉልበት ያለው ሲፒኦው ከባንክ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ልመና ወይም ክስ ነው። ቀብድ ሲሰጥ፣ ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም ምርመራው ከባድ ጉድለት ካሳየ ቀብዱ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ ያለዚያ ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ቀብዱን ያጣል። ምርመራው ደላላው ባመጣው ሳይሆን ገዢው በመረጠው መካኒክ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጠዋት ይደረግ፤ ቀድሞ የተሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ውክልና ይዞ የመጣ ሻጭ በራሱም ስም ለጉድለቱ ኃላፊነት እንዲፈርም ይጠየቅ። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ግማሹ ዋጋ ብቻ የተጻፈበት ውል ሲፈርስ፣ የተጻፈን ቃል በምስክር ማስተባበል ስለማይቻል፣ ተመላሽ ሆኖ የሚጠየቀውም ያው ግማሹ ነው።

ጎረቤቴ ደብዳቤውን ጋራዥ በሄድን በሦስተኛው ቀን ላከ፤ አንዱን ቅጂ ውሉ ላይ ባለው ሻጭ አድራሻ፣ አንዱን ለግቢው ባለቤት። ከሳምንት በኋላ የግቢው ባለቤት ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ቡና ተፈላ። የጥገናውን ግማሽ እችላለሁ አለ፣ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀትም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጎረቤቴ ሽማግሌዎቹን አክብሮ ሸኘ፣ ወረቀቱን ግን አልፈረመም፤ እንዲህ ያለ ዕርቅ ከተፈረመ ጉዳዩን ይዘጋዋል፣ ቴስታው ሲወርድ ሌላ ነገር እንደማይገኝም መካኒኩ ዋስ አልሆነም።

የመጀመሪያውን ወር ክፍያ በቀኑ ከፍሏል፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል እንደ ድሮው ሰልፍ ላይ አገኘዋለሁ። መኪናዋ ብሎካችን ሥር በሸራ ተሸፍና ቆማለች፣ ጠርሙሱም እስካሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ ደብዳቤው የተላከበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ለጥፎበታል፣ የክሱ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ስለሆነ።